የእትዬ ምናልባት ሃያ ደቂቃ

የመዳፏን ጀርባ ዘጠነኛው ፍራሽ ላይ ከተኛው ሕፃን አፍንጫ ሥር አስጠግታ ጠበቀች። ሞቅ ያለች ትንፋሽ ቆዳዋን ነካ አድርጋ አለፈች።

«አለ፤ ተመስገን» አለችና ወደ አሥረኛው ተሻገረች።

ከምሳ በኋላ ሰማያዊው መጋረጃ ሲዘጋ የመዋዕለ ሕፃናቱ ክፍል ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል። አሥራ ስምንት ሕፃናት በየፍራሻቸው ተንሳፍፈው ይተኛሉ፤ አስተማሪያቸው ጫማዋን አውልቃ በመካከላቸው ቀስ እያለች ትቀዝፋለች። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ይህን ዙር ሳታደርግ የዋለችበት ቀን የለም። ምናልባት አንዱን ትን ቢለውስ? ምናልባት ብርድ ልብሱ አፉ ላይ ቢጠመጠምስ? ባልደረቦቿ «እትዬ ምናልባት» የሚል ስም ያወጡላት ያለ ነገር አልነበረም።

ዛሬ ግን ከሁሉም የከፋ ምናልባት ነበረባት። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትማረው የሕፃናት አስተማሪዎች ኮርስ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶት፣ የመጨረሻው የቤት ሥራዋ ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል። አንድ ሕፃን መርጦ፣ ሃያ ደቂቃ ሳይነኩና ሳይናገሩ ተመልክቶ፣ ያዩትን መጻፍ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ሰርተፊኬት ያላገኘች አስተማሪ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ክፍል አይሰጣትም፤ ረዳት ትሆናለች። ረዳት ደግሞ በእንቅልፍ ሰዓት ወጥ ቤት ሳህን ታጥባለች። ታዲያ ያን ጊዜ የእነዚህን ትንፋሽ ማን ያያል?

የመረጠችው መስኮት ሥር የምትተኛዋን ልጅ ነበር። ወጥ ቤቶቹ «ጉጉት» ይሏታል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይወስዳትም። ባለፈው ቅዳሜ፣ የበኩር ልጇን የሚያክለው አሠልጣኝ ወረቀቷን ይዞ ከፊቷ ቆሞ ነበር።

«‹ቤቷ ውስጥ ችግር ሳይኖር አይቀርም› ብለው ጽፈዋል። አይተዋል?»

«ኧረ አላየሁም።»

«‹ምናልባት ታማ ይሆናል።› ይሄስ?»

«ዓይኗ ያስታውቃል እኮ፣ መምህር!»

«ዓይኗ ምን ይሆናል?»

«ይፈጣል።»

«እሱን ይጻፉልኛ! ያዩትን እንጂ የፈሩትን አይጻፉ።»

«ተዋት እባክህ» አለች ከጎኗ የተቀመጠችው ባልደረባዋ፤ «ያየችውን ብቻ ጻፊ ካልካት ባዶ ወረቀት ነው የምትሰጥህ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም በድንጋጤ እጇን አውጥታ፣ ልክ እንደ ሕፃናቱ፣ «ሽንቴ መጣ» አለች። ያኔማ ሳቁ ባሰ።

አሁን ዙሯን ጨርሳ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታ የቀለም ብሩሾች ታጥብ ነበር። «ሰባት ሰዓት ተኩል። ልጅቷ ነቅታለች። ትፈራለች» ብላ ጻፈችና «ትፈራለች» የሚለውን ሰረዘች። ከዚያ የተኛች መስላ በሽፋሽፍቷ መካከል ማየት ጀመረች።

ልጅቷ ቀና አለች። ብርድ ልብሷን ገፋ አድርጋ እየዳኸች ወደ ጎረቤቷ ፍራሽ ሄደች። እጇን ዘረጋች፤ በመዳፏ አይደለም፣ በመዳፏ ጀርባ። ጠበቀች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፦ «አለ።» ወደሚቀጥለው አለፈች። «አለች።»

የአስተማሪዋ ብዕር ቆመ። «ምናልባት» አለች በልቧ፤ ከዚያ ወዲያ ግን የሚመጣላት ቃል አጣች።

ልጅቷ ፍራሽ ለፍራሽ እየዳኸች ከትንሿ ወንበር ደረሰች። ቀዝቃዛ ጣቶች አፍንጫዋ ሥር ሲያርፉ አስተማሪዋ ትንፋሿን ዋጠች።

«ቲቸር? ቲቸር፣ አለሽ?»

ሳይናገሩ የተባለው ደንብ እዚያ ላይ ፈረሰ።

«አለሁ፣ የኔ እናት።»

«ለምን አልተነፈስሽም?»

«ረስቼ ነው።»

«አይረሳም!» ብላ ተቆጣቻት፤ ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እስከ አሥር ብቻ ነው መቁጠር የምችለው። ከዚያ በኋላ ያሉት ይቀሩብኛል» አለች።

«ለምንድን ነው ታዲያ የምታያቸው?»

«ካልታዩ ይቆማል አይደል? አንቺስ ለዚያ አይደል?»

ይህን ብትጽፈው አሠልጣኙ ያነበዋል፤ ባልደረቦቿ ይስቃሉ፤ ዳይሬክተሯም ብትሰማ ሕፃን እንቅልፍ የነሳች አስተማሪ ትላታለች። «ልጅቷ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች» ብላ ብትጽፍ ደግሞ ማን ያውቅባታል?

«አይቆምም» አለች። ቃሉ ከራሷ አፍ ሲወጣ እንግዳ ሆነባት። «ሳናየውም ይመጣል፤ ሳናየውም ይሄዳል። ነይ፣ ዓይናችንን ጨፍነን እንስማው።»

መስኮት ሥር ካለው ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተጋደሙ። አስተማሪዋ መጀመሪያ የልቧን ምት ብቻ ሰማች። ቆይቶ ትንፋሾቹ ከየፍራሹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ይንተከተካል፣ አንዱ ዘግይቶ ይመጣል። ክፍሉ ራሱ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር፤ መጋረጃው ይነፋና ይሟሽሻል፤ እሷም ማንም ሳይቀዝፋት በዚያ ላይ ተንሳፈፈች።

ዓይኗን ስትገልጥ የመጋረጃው ሰማያዊ ጥላ ከወለሉ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ወጥቷል። ጉጉት አፏን ከፍታ ተኝታለች። የአስተማሪዋ እጅ እንደ ልማዱ ራሱን አንቀሳቅሶ ከልጅቷ አፍንጫ በላይ ደረሰ። እዚያ ላይ አቆመችው፤ መልሳም ብዕሯን አስያዘችው።

«ልጅቷ የሌሎቹን ትንፋሽ በመዳፏ ጀርባ ትፈትሻለች» ብላ ጻፈች። «ይህን ከአስተማሪዋ ምናልባት» ብላ ቀጠለችና እጇን ገታች። «ምናልባት» የሚለውን ሰረዘችው። «ተምራለች» አለችና አራት ነጥብ አደረገችበት።