የጫጩቶቹ ወለል ፕሮፎርማ

ባለቤቴ ሮበሌ ሰው የማመን በሽታ አለበት። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ካየማ አለቀለት። የወለል ማሞቂያ ጠጋኙ አምሐ ሦስት ፕሮፎርማ ይዞ ለቡ ወዳለው ግቢያችን ሲመጣ፣ ሮበሌ ለመምረጥ አፍታ አልፈጀበትም። ትንሹን ዋጋ የጻፈው ራሱ አምሐ ነው። የቀሩትን ሁለቱንም ከሌሎች ድርጅቶች ያመጣልን እሱ ነው፤ እንዳንንከራተት ብሎ። ደግነቱ ራሱ ያስፈራል።

እርሻችንን ከተማው ከዋጠው ወዲህ እኔ የምኖረው በጫጩት ነው። የአንድ ቀን ጫጩት እቀበላለሁ፣ አሳድጌ ለጎፋና ለሀና ማርያም ሰዎች እሸጣለሁ። የጫጩቶቹን ቤት የሚያሞቀው ከሲሚንቶው ሥር የተቀበረ ቱቦ ነው፤ ቦይለሩ ያፈላው ውሃ በሦስት መስመር ይዞርበታል። ሰሞኑን ሙቀቱ ቀነሰ። አምሐ መጥቶ ወለሉን ዳሰሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሦስቱም መስመር ስለተደፈነ ሲሚንቶው ተሰብሮ ቱቦው በሙሉ ይቀየር አለ። ዋጋው የዓመት ትርፌን ጠራርጎ ይበላል።

ሮበሌ መላ አገኘሁ አለ። ጎረቤታችን ሶፋ ሠሪው ለመጋዘን ቤት ይፈልጋል፤ እናከራየው፣ ጫጩቱ ይቅር። እኔ ደግሞ ዓርብ አምስት መቶ አዳዲስ ጫጩቶች ልቀበል ቃል ገብቻለሁ። መናደድ ብቻ አይደለም፣ ፈራሁ። አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት ሥራ በአንድ ወረቀት ሊዘጋ ነው። ያለ ጫጩቶቼ እዚያ ግቢ ውስጥ ምን እንደምሠራ አላውቅም።

እሁድ ከቸርች መልስ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ዋጋው ይለያያል። የሚቀየረው ቱቦ ግን በሦስቱም ላይ መቶ ሰማንያ ሦስት ሜትር ነው። ቤቱን የለካው አምሐ ብቻ፤ የሌሎቹ ድርጅቶች ሰዎች በራችንን እንኳ አያውቁትም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ለሮበሌ ሳሳየው፣ ሰውየው ቢያታልልም ወለሉ ደህና ነው ማለት አይደለም አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። እየተበሳጨሁ ጫጩቶቹ ቤት ገባሁ። ሐሙስ የሚሸጡ ሁለት መቶ ጫጩቶች ከጀርባው ግድግዳ ጀምሮ መሃሉን አልፈው ተኝተዋል። በበሩ በኩል ባለው ወለል ላይ ግን አንዲትም የለች። ስንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ይህን እስካሁን አለማስተዋሌ አሳፈረኝ።

ሰኞ አምሐ ቀብድ ሊቀበል መጣ። የጫጩቶቹ ቤት ውስጥ አስገባሁት፤ ሮበሌም ተከትሎን ገባ። ጫጩቶቹን በሙሉ ወደ በሩ ነድቼ ተውኳቸው። አፍታም አልቆዩ፤ እየተንጫጩ ወደ ውስጥ ተመለሱ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ተኙ።

«ወንድሜ፣ ሦስቱም መስመር ተደፍኗል ብለሃል። እነዚህ ታዲያ ምን ላይ ነው የተኙት?»

ፀሐይ ይሆናል አለ። ፀሐይ የሚገባው በበሩ በኩል እንደሆነ በጣቴ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ በበሩ በኩል ያለውን ወለል ዳሰሰ።

«እትዬ ጫልቱ፣ ምናልባት አንዱ መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል» አለ በመጨረሻ።

«እሱን ክፈተው።»

የመስመሩን መዝጊያ ቫልቭ ሲያላላው አየር እያፏጨ ወጣ፤ ከኋላው ቡናማ ውሃ ተከተለ። ባለፈው ወር ውሃ ጠፍቶ ታንከሩ ሲደርቅ አየር ገብቶበት ኖሯል። ሥራው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ወለሉ ሳይሞቅ ግን አትሄድም ብዬ አስቀመጥኩት። ምሳ ሰዓት አልፎ አንዲት ጫጩት ወደ በሩ መጣች፣ ዞር ዞር ብላ ተኛች። ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ቁጥር የለውም። እልል አልኩ። ጎረቤት ምን ይላል አላልኩም፤ ደስታዬ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አምሐ አዲስ ፕሮፎርማ ጻፈ፤ የግማሽ ቀን የእጅ ዋጋ ብቻ። ተገቢ ስለነበር ሳልከራከር ከፈልኩት። እሱም ቀና ብሎ ሳያየኝ ሄደ።

ሮበሌ ይህን ሁሉ ቆሞ አይቷል። ስልኩን አውጥቶ ሶፋ ሠሪው ጋ ደወለና ቤቱ ተይዟል አለው። ሰውየው ማን እንደያዘው የጠየቀው መሰለኝ።

«ጫልቱ» አለ ሮበሌ፣ እኔ እንድሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የምትለቅም አይመስለኝም።»