ብሽሽት ላይ የወጣው እብጠት

የአጎቴ የጋሽ ኪሮስ የእግር ደም ስር ጠቦ፣ የጣታቸው ቁስል ሦስት ወር ሙሉ አልድን ብሎ ነበር። ሐኪሞቹ በብሽሽታቸው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የጠበበውን በቱቦው ጫፍ በምትነፋ ትንሽ ፊኛ ከፈቱላቸው። በአራተኛው ቀን ፒያሳ ወርቅ ቤታቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ብሽሽቴ ላይ እንቁላል የሚያህል ነገር ወጣ» አሉ፣ ለጎረቤታችን ለሰዓት ሠሪው ለጋሽ ዘርኡ። ባንኮኒው ጋ ለቆምኩት ለእኔ አይደለም። የብሽሽት ጉዳይ ለሴት ልጅ አይነገርም።

«ንፍፊት ነዋ። እግር ሲቆስል ብሽሽት ያብጣል። ምሳ ሰዓት ላይ በቅቤ አሽልሃለሁ፣ ይበተናል።»

ሦስት ወር ያልወጣ ንፍፊት ዛሬ፣ ያውም ቱቦው በገባበት ቦታ፣ ለምን ይወጣል? ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ የሕክምና ተማሪዎችን ወረቀት እያባዛሁ አነብ ነበር። አንዱ ገጽ ትዝ አለኝ፦ የተበሳው ደም ስር ሳይደፈን ሲቀር ደሙ ወጥቶ እዚያው ይቋጠራል፤ እንደ ልብ ይመታል። ቢታሽ ሊፈነዳ ይችላል።

«ጋሼ፣ ይመታል?»

«ምኑ?»

«ለእኔ የማይነገረው ነገር።»

ጋሽ ዘርኡ ሳቁ። «ከአሥረኛ ክፍል የወጣች ዶክተር።»

«እርስዎ ሰዓት መፍታት የተማሩት ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው?»

አሳዩኝ ብል እንደማይሆን አውቃለሁ። «በአንድ እጅዎ በሱሪዎ ላይ እብጠቱን ይንኩት። ሌላውን ለእኔ። በመታ ቁጥር ‹አለ› ይበሉ።»

አጉረመረሙ፤ ግን አደረጉት። «አለ… አለ… አለ…» እኔ የእጃቸውን ትርታ ይዤ፣ በእሱ ልክ ባንኮኒውን በጣቴ መታሁ። ጋሽ ዘርኡ ጆሯቸውን አዘነበሉ። ሳቃቸው ጠፋ።

«እኩል ነው የሚሄደው» አሉ ቀስ ብለው።

«ንፍፊት ልብ የለውም፣ ጋሽ ዘርኡ። ታክሲ ይጥሩልን።»

ሆስፒታል ሐኪሟ አልትራሳውንዱን እብጠቱ ላይ አሳረፈች። ጋሽ ኪሮስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፣ እሳቸው ካላዩኝ እኔም የማላያቸው ይመስል። ስክሪኑ ላይ የተቋጠረው ደም ቀይና ሰማያዊ ሆኖ እየተሽከረከረ ነበር። በመሣሪያው አጥብቃ ተጫነችው።

«ማሸት የሚጎዳ ከሆነ፣ መጫን እንዴት ያድናል?» አልኳት።

«የሚያሽ ሰው ቀዳዳው የት እንዳለ አያውቅም። እኔ እያየሁት ነው የምዘጋው። ሁሌ ግን አይሳካም፤ እምቢ ካለ ደሙን በመርፌ መድኃኒት እናረጋዋለን።»

ሃያ ደቂቃ ያህል ተጭና ለቀቀችው። ሽክርክሪቱ የለም።

«እግሬስ? የሱም ደም አብሮ አልተዘጋም?» አሉ አጎቴ ለግድግዳው።

የእግራቸውን ጀርባ ዳሰሰች። ትርታውን እየተከተለች ጣቷን ወደ ቁስሉ አወረደች።

«ሞቃት ነው። ደሙም ይደርሳል።»