የቅሬው ጣሪያ ስንት ኪሎ ይቀነስለት?

1.

ስምንት ሰው ነው የሚያነሳው። ጣሪያውን ማለቴ ነው። መኪናዋንማ አራት ሰው ገፍቶ ያስነሳታል።

2.

ከመሀል ጀመረችብን እንዳትሉ ልንገራችሁ። እኔ ዘሀራ ነኝ፤ መኪናዋ የኔ አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። ከኮምቦልቻ ሽንኩርት ጭኜ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወደ ደሴ እወጣለሁ። ክረምት ላይ የኋላ ሸራዋ ተቀደደ። ወንድሜ እንድሪስ በያጅ ነው፤ «ሸራ ምን ያደርግልሻል፣ የብረት ጣሪያ እሠራልሻለሁ» አለኝ። እስከዚህ ድረስ ማንም አላጠፋም።

3. ከምን ተሠራ?

የሰፈራችን ቅሬ፣ እድራችን ማለቴ ነው፣ የታመመውን የሚያደርሰው፣ የሞተውን የሚሸኘው በዚችው መኪና ነው። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ «የኛም እጅ ይኑርበት» ብሎ ብረት ይዞ መጣ።

ከእትዬ ለይላ፦ የአልጋ ብረት።
ከአቶ መኮንን፦ የውሃ ቧንቧ፣ ከነዝገቱ።
ከቅሬው፦ ያረጁ የድንኳን ቋሚዎች።
ከጋሽ ይመር፣ ከቅሬው ዳኛ፦ የግቢያቸው በር አንዱ ክንፍ። ሙሉውን። ከነመቀርቀሪያው።

እንድሪስ አንዱንም አልመለሰም። ሁሉንም በየደው።

መቀርቀሪያ ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል? ማን እንዳይገባ ነው?

4.


ይሉኝታ።


5.

ማክሰኞ ጠዋት እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ሐረጎን ስወርድ፣ ኩርባው ላይ መኪናዋ ወደ ገደሉ አዘነበለች። ላይዋ ከብዷት ነው። አንዱ ጎማ መሬት ለቆ ተመለሰ። እናቴን የመስኮቱ ብረት ግንባሯን መታት፤ እንቁላል አክሎ አበጠ።

ቤት ስንደርስ መጀመሪያ ያለችኝ «ለሰው እንዳትናገሪ» ነው።

እየተናደድኩ ነው የምጽፈው። ቁጥሩ ቢዘበራረቅብኝ አትፍረዱብኝ።

6. የተባባልነው

እኔ፦ የጋሽ ይመርን በር ብቻ እንኳ ብንቆርጠው?

እንድሪስ፦ ስንት ሊቀንስ? ቢበዛ ሰማንያ ኪሎ። አንድ ወፍራም ተሳፋሪ በይው። ለዚህ ተብሎ ይደከማል?

እኔ፦ ተሳፋሪ ጣሪያ ላይ አይቀመጥም።

እንድሪስ፦ እኛ አገር?

እኔ፦ አንተ ልጅ፣ እናትህ ልትሞት ነበር እኮ።

እናቴ፦ ተዉት በቃ። ይመር «በሬን ቆርጠው ጣሉት» ሲል በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ነገ ስሞት ማን ይቀብረኛል?

7. እስቲ እናንተ መዝኑት

ቢቆረጥ፦ መኪናዋ ኩርባውን ቀጥ ብላ ታልፋለች። ጋሽ ይመር ይቀየማሉ።

ባይቆረጥ፦ ጋሽ ይመር ደስ ይላቸዋል። እናቴንም በክብር ይቀብሩልኛል።

ቀባሪ እንዳይቀየም ተብሎ ይሞታል?

ይሄን እናቴን ጠየቅኳት። «አትሳደቢ» አለችኝ። ስድቡ የቱ ጋ እንደሆነ ያገኘ ያሳየኝ። ሰዎቹ ክፉ ቢሆኑ በቀለለኝ ነበር። እትዬ ለይላ ያንን አልጋ ሰጥታ ዛሬ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግታ ነው የምትተኛው። እንደዚህ ያለ ደግነት ነው ገደል ሊከተን የነበረው፤ ንዴቴን የሚያባብሰውም እሱ ነው።

8.

ቅዳሜ በሩን ላስቆርጥ ብዬ መኪናዋን እንድሪስ መበየጃ ቤት አቆምኳት። ወሬ እግር አለው፤ ሰዉ ቀድሞኝ ደርሷል። እያንዳንዱ በየብረቱ ትይዩ ቆሟል። እንድሪስ የብረት መቁረጫውን ሰክቶ አቀበለኝና «እኔ አልችልም፣ ሰፈሩን በምን ፊቴ አየዋለሁ» አለ። እናቴ ልትለምነኝ ተከትላኝ መጥታለች።

ጋሽ ይመር በከዘራቸው መጡ። ጣሪያውን ሳይሆን እናቴን አዩ።

«ግንባርሽን ምን ነካው?»

«ጓዳ አዳልጦኝ ነው» አለች፣ ሻሿን ወደ ታች ሳብ አድርጋ።

ጋሽ ይመር ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘሀራ፣ እናትሽ እውነቷን ነው?»

እናቴ ክንዴን ጨበጠችው። ደካማ እጅ ነው፤ ግን አጥብቃ ያዘችኝ።

9.

እኔም እንዲህ አልኳቸው፤ ባዶውን እናንተ ሙሉት፦


«. . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . .»