ከቦታው የተነሣው ቢላዋ

«ጂንቴ እኮ እግሩ ሥር አያይም ነበር» አሉ ሽማግሌው ፓንዶል ካርታቸውን እየጣሉ። «ካርታ ላይም ያው ነው። ሰማይ ሰማይ ሲያይ ስንቴ በላሁት!»

በጂንቴ ለቅሶ የተቀመጡት የኡልጂን ወደብ ዓሣ አጥማጆች ሳቁ። ሶጁ የሚሉት አረቄ ተቀዳ። ኦክቡን ቀዩን ሾርባ ይዛ ስትመጣ የባሏን ስም ሰምታ ቆመች። ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች።

ሁለተኛው የለቅሶ ቀን ነው። የጂንቴ ታላቅ ወንድም ማንሶክ ከሟቹ ፎቶ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ጀልባው የሱ ነው። ከባሕር ሲመለስ ለሁሉም የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ገመድ ረግጦ ነው።» ውሸት አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ በራሱ ጥፋት ሞተ ይላል» አለችው ኦክቡን። «እርስዎ ነበሩ። ይንገሩኝ።»

«ገመድ ሲሮጥ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

ያን ቀን ባሕሩ ደኅና ነበር። የሸርጣን ወጥመድ ይጥሉ ነበር። ወጥመዶቹ በአንድ ረጅም ገመድ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲሰምጥ ሌላውን ይስባል። ገመዱ የጂንቴን ቁርጭምጭሚት ጠለፈው። ጂንቴ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ «ወንድም ጋሼ፣ ቁረጠው!» አለ። ለእንዲህ ያለ ጊዜ ተብሎ በጀልባው ኋላ የሚንጠለጠል ቢላዋ አለ። ለሌላ ሥራ አይነካም። ማንሶክ እጁን ሰደደ። ማንጠልጠያው ባዶ ነበር።

ይህን ከነገራት በኋላ «ቢላዋውን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አላት። «ለቁርስ ዓሣ ልከትፍበት። የማብሰያው ቢላዋ ደንዞብኝ። አልመለስኩትም። ላመጣው ካቢን ድረስ ሮጬ ስመለስ ጠርዙ ላይ እጁ የለም።»



«ከዓሣው እሱም በላ?» አለች ኦክቡን።

«በላ። ጣፈጠኝ ብሎ ጨመረ።»

«እዚያ ለሚስቁትም ይንገሯቸው።»

ማንሶክ ወጣ። ካርታ ተጫዋቾቹ ፊት ቆሞ ያንኑ ደገመው፤ አንድም ነገር አላስቀረም። ፓንዶል ካርታቸውን ገልብጠው አስቀመጡ።

ታላቅ ወንድም ለሞተ ታናሽ ወንድሙ አይሰግድም፤ ደንብ ነው። ማንሶክ ተመልሶ ገብቶ ከፎቶው ፊት ሁለት ጊዜ ሰገደ። ከዚያ ወደ ኦክቡን ዞሮ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፋ። ለቀስተኛ ሲሰግድላት እሷም አጸፋውን መስገድ ነበረባት። አልሰገደችም። እሱም ቀና አላለም።

በሩ ላይ አዲስ ለቀስተኞች ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«ይነሡ፣ ሰው መጣ» አለችው። ከተቀመጠችበትም ጥቂት ፈቀቅ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት።