አራተኛው ካሜራ

ሀሚዳ ማዞሪያውን ወደ ግራ ስትገፋው አራተኛው ካሜራ ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ተነሥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ሰማያዊው የቆርቆሮ በር ላይ አረፈ። ምስሉን አቀረበችው። የባሏ የአብዱናስር ባጃጅ በሩ ላይ ቆሟል።

ሥራዋ ይህ አልነበረም። የነጋዴዎች ማኅበሩ በጭሮ ዋና መንገድ ላይ ስምንት ካሜራ ሲሰቅል፣ ስክሪኖቹ ፊት ያስቀመጣት ሱቆቹንና በረንዳዎቹን እንድትጠብቅ ነው። ካሜራ ወደ ሰው ግቢ ማዞር ክልክል መሆኑን አንብባ ፈርማለች። ግን የአብዱናስር የቀድሞ ሚስት ጣሂራ ከጅዳ ተመልሳ እዚያ ግቢ ከገባች ሦስት ሳምንቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ሀሚዳ የበላችው አይጥማትም።

ስልኳን አንሥታ ደወለች። ስክሪኑ ላይ አብዱናስር ከባጃጁ ወርዶ ኪሱን ሲዳብስ አየችው።

"የት ነህ?"

"ሚኤሶ መንገድ ላይ ነኝ። ሰው ጭኛለሁ፣ ምነው?"

"ምንም። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።"

"ስመለስ እደውላለሁ፣ እሺ ሀቢብቲ?"

ስልኩን ኪሱ ሲከት በሩ ተከፈተ። ጣሂራ አንድ ነገር አለችው፤ ሳቀ። ካሜራው ድምፅ የለውም። ሳቁን ግን ታውቀዋለች፤ ትከሻውን የሚያንቀጠቅጠው፣ እቤት ከሰማችው ዓመት ያለፈው ሳቅ ነው። ጣሂራ ኮሌታውን በጣቶቿ አራገፈችለት። ገቡና በሩ ተዘጋ።

ሀሚዳ ያንን ቆርቆሮ እያየች ሃያ አምስት ደቂቃ ተቀመጠች። በሩ እንደገና ሲከፈት አብዱናስር ግራና ቀኙን አይቶ ባጃጁን አስነሣ። እጇ ማዞሪያው ላይ እንዳለ የቢሮው በር ተበረገደ።

"የስፌት መኪናዬን ወሰዱብኝ!"

ልብስ ሰፊዋ አደ ሀዲያ ነበሩ። የጥበቃ ኃላፊው ኦቦ ሳቢት ከኋላ ተከትለዋቸዋል። አደ ሀዲያ በረንዳው ላይ ሃያ ዓመት ሰፍተዋል፤ የሀሚዳን የሠርግ ቀሚስም የሰፉት እሳቸው ናቸው።

"ለሶላት ጓዳ ገባ ብዬ ስመለስ የለም። አንቺ አይተሻል አይደል ልጄ? ካሜራው እንደሆን ሁሌም እኔ ላይ ነው።"

ሀሚዳ እጇን ከማዞሪያው ላይ አነሣች። ኦቦ ሳቢት ቀደሟት፤ "መብራት ጠፍቶ እንዳይሆን። ዛሬ ሁለቴ ሄዷል።"

"ጠፍቶ ነበር?" አሉ አደ ሀዲያ ዐይን ዐይኗን እያዩ።

"አዎ፣ ጠፍቶ ነበር" አለች።

"እንግዲያ ፋርማሲው አለልን" አሉ ኦቦ ሳቢት። "የባለቤቱ የኤልያብ ካሜራ ባትሪ አለው፣ በረንዳውንም ያያል። ግን የግሉ ነው፤ ያለ ማኅበሩ ደብዳቤ ለማንም አያሳይም። የእኛ ለምን እንዳልቀረጸ ምክንያቱን ጻፊ፣ እኔ ማኅተሙን ላምጣ።"

ኃላፊው ወጡ። ሀሚዳ ወረቀት አወጣችና "በመብራት መጥፋት ምክንያት" ብላ ጀመረች። አደ ሀዲያ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያዩዋታል።

"ከስተሻል" አሉ። "ቀሚስሽ እኮ ሰፋብሽ። ነገ አምጪውና ላጥብብልሽ።"

 የሚያጠብቡበት መኪና እንደተወሰደ ትዝ ያላቸው ይህን ካሉ በኋላ ነው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

ሀሚዳ የጻፈችውን አነበበች። አብዱናስር "ሚኤሶ መንገድ ላይ ነኝ" ያለበት ድምፅ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ፤ እንዴት ቀሎት ነበር! እሷም "ጠፍቶ ነበር" ስትል እንደዚያው ነው የቀለላት። ወረቀቱን ቀደደችና ሌላ አወጣች።

ስልኳ ጠራ፤ አብዱናስር ነው። ገልብጣ አስቀመጠችውና ጽፋ ጨረሰች።

ኦቦ ሳቢት ማኅተሙን ይዘው ተመለሱ። ደብዳቤውን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡና ቀና አሉ።

"ካሜራውን ወደ ሰው ግቢ ያዞርኩት እኔ ነኝ ነው የሚለው?"

"አዎ።"

"የማን ግቢ?"

"የጣሂራ።"

ሽማግሌው ስሙን ሲሰሙ ገባቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ይህ ወረቀት ከወጣ ሥራሽም ይሄዳል፣ ወሬውም ከተማውን ይዞራል። መብራት ነው ብንል ማን ያውቃል?"

አደ ሀዲያ ከወንበሩ ተነሥተው አንዴ እሷን፣ አንዴ ወረቀቱን ያያሉ።

"ማኅተሙን ያድርጉበት ኦቦ ሳቢት" አለች ሀሚዳ። "ፋርማሲው ሳይዘጋ እኔው ራሴ አደርሰዋለሁ።"