ድምፅ ቀናሿ እስከዳር

«የያየህ ጆሮ ሞቷል» ይላሉ እትዬ የሺወርቅ። ለነፍስ አባታቸው ይሉታል፣ ለጎረቤት ይሉታል፣ ከዳባት ለሚመጣው ሹፌር ሳይቀር ወንበር ሳይስቡለት ይህንኑ ይነግሩታል። ደባርቅ ላይ ያላቸው የባህል ቤት አርባ ሰው ሲገባበት የሚጨናነቅ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ነው። ጋሼ ያየህ እዚያ ቤት ማሲንቆ ሲመቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

ወሬው የተነሣው በአንድ ሽኝት ላይ ነው። አንድ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ቢሰጣቸው፣ ጋሼ ያየህ ሦስት ጊዜ «ምን አሉኝ ጌታዬ?» አሉ። እንግዳው ግጥሙ ሳይዘፈንለት ተቀይሞ ወጣ። አዝማሪ የሰጡትን ካልተቀበለ ምኑን አዝማሪ ሆነ? እትዬ የሺወርቅም ቁርጡን ተናገሩ፦ እሁድ በሚደረገው የመልስ ግብዣ ላይ ይህ ከተደገመ ጋሼ ያየህ ማሲንቋቸውን ይዘው ይሂዱ፤ ኪቦርዱ ብቻውን ይበቃል።

የቤቱን ድምፅ የምትቆጣጠረው እስከዳር ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ሙያውን ማንም አላስተማራትም፤ የተቃጠለ ስፒከር እየፈታች እየገጠመች ነው ያወቀችው። ስለዚህ ማንንም አታመሰግንም፣ ማንንም አትፈራም።

«የሞተውስ የእናንተ ይሉኝታ ነው!» አለቻቸው ሙዚቀኞቹን። «ድራሙ ይጮኻል። ቤዙ እሱን ለመብለጥ ይጮኻል። ኪቦርዱ ደግሞ ሁለቱንም ለመብለጥ። ይሄ ባንድ ነው ወይስ የውኃ ወረፋ? በዚህ መሀል እንኳን የእንግዳ ግጥም መብረቅ ቢወርድ ማን ይሰማል?»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ፣ ሥራ ጀመረች። ጩኸቱን እንዲውጥላት ከድራሙ ጀርባ ሁለት ወፍራም የሱፍ ባና ግድግዳው ላይ ሰቀለች። የቤዙን ስፒከር ከማዕዘኑ ጎትታ አወጣች፤ ማዕዘን ወፍራም ድምፅን ያባብሳል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ቻላቸው ጋ ስትደርስ ግን ጠብ ተነሣ።

«እኔ ራሴን ሳልሰማ አልጫወትም!»

«ስፒከርህ የት ነው?»

«እግሬ ሥር።»

«ጆሮህ ጉልበትህ ላይ ነው እንዴ የበቀለው? እኛን እያደነቆርክ አንተ የማትሰማው ለዚህ ነው!»

ስፒከሩን የቢራ ሳጥን ላይ አውጥታ ወደ ፊቱ አጋደለችው፤ ድምፁንም በግማሽ ቀነሰችው። ቻላቸው አንድ ሁለት ቁልፍ ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። ስለሚጮኽባት ሳምንቱን ሙሉ «ጡሩንባ» ስትለውም ስቆ ነበር የሚያልፋት።

እንግዶቹ ገቡ፤ ጨዋታው ደራ። የሙሽሪት አጎት ሀብተ ሚካኤል ከጃናሞራ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ድምፃቸው ለጸሎት እንጂ ለግብዣ አይሆንም። ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ቀስ ብለው «ተቀበል» አሉ። እትዬ የሺወርቅ በሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። እስከዳር ከድምፅ ማስተካከያው ከሚክሰሩ ሳትነሣ ወደ ጋሼ ያየህ አየች።

«ገደሉን ወጥቼ ደባርቅ ብገባ፣
ድካሜን አስረሳኝ የወንድሜ አበባ።»

ጋሼ ያየህ ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው ማሲንቋቸውን ሳብ አደረጉና ግጥሙን አንዲት ቃል ሳያጎድሉ መለሱላቸው። አንድ ጊዜም «ምን አሉኝ?» አላሉም። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ፤ ሽማግሌውም ተነሥተው የጋሼ ያየህን ግንባር ሳሙ።

«ወይ ያየህ!» አሉ እትዬ የሺወርቅ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «የትም አይሄድብኝም!»

እስከዳር ፊቷን ወደ ሚክሰሩ አዞረች። ስታለቅስ ሰው እንዲያያት አትፈልግም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እንግዶቹ ተበተኑ። እስከዳር ገመድ እየጠቀለለች «ለጡሩንባ ዛሬ ደህና ተጫወትክ» አለችው ቻላቸውን። ከእሷ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

ቻላቸው ሳቀ። «እትዬ የሺወርቅ ባለፈው ማክሰኞ ጠርተውኝ ነበር እኮ።»

«ለምን?»

«ከእሁድ በኋላ ብቻህን ትጫወታለህ አሉኝ። እኔም ጋሼ ያየህ የሌሉበት መድረክ ላይ አልወጣም አልኳቸው።»

እስከዳር ገመዱን መሬት ላይ ጣለችው። «እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ሌላ ኪቦርድ ተጫዋች ከየት ያመጣሉ? ‹እሺ በቃ፣ ያየህ ይቆይ› አሉኝ፤ እዚያው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አንቺ ገና ባናውን ሳትሰቅዪ።»