ዕድል የሌለበት ሥዕል

«ስንተኛው ረድፍ ላይ ደረስሽ?» አለ ከጋዜጣው ቤት የመጣው ገጽ አቀናባሪ፣ ድምፁን እንደ ለቅሶ ደራሽ ዝቅ አድርጎ።

ልጅቷ ጋዜጣውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እያንዳንዷን ቅጠል በእርሳስ ጫፍ እየነካች ታልፋለች። ሥዕሉ ሜዳ ሙሉ ሣር ነው፤ ሁሉም ባለ ሦስት ቅጠል። ከመሃላቸው አንዲቷ ብቻ ባለ አራት መሆን አለባት፤ እሷን ያገኘ አንባቢ ዕድለኛ ይባላል። አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለየቅዳሜው ጋዜጣ እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ ሲሥል ኖሮ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ። የመጨረሻው ሥዕሉ ትናንት ወጣ። አራተኛዋን ቅጠል ያገኘ ሰው ግን እስካሁን የለም፤ የጋዜጣው ስልክ ከጧት ጀምሮ ይጮሃል።

ሰውየው ለቅሶም ሊደርስ፣ መልሱንም ሊጠይቅ ነው የመጣው። እሷም ገብቷታል። ተነሳች፣ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች፣ ደግሞ ብርሃኑ አልበቃኝም ብላ ተነሳች። ለቅሶ ላይ ያለች ሴት እንዲህ አትቅበጠበጥም እንደሚሏት ታውቃለች። ይበሉ።

አክስቷ ምሳ አቀረበች፤ ከእንቁላል ጋር የተጠበሰ ቅጠላ ቅጠል። አረንጓዴው ከመብዛቱ የተነሳ እንቁላሉ የት እንደገባ አይታወቅም። የሟቹ ምግብ ነበር። ሐሙስ ዕለት እሱ ራሱ ሲያጥበው የነበረውን ነው ከማቀዝቀዣ አውጥታ የከተፈችው። ደግማ አላጠበችውም፤ እዚያ ቤት እሱ ያጠበውን ቅጠል እንደገና ማጠብ ከስድብ ይቆጠር ነበር።

በመጀመሪያው ጉርሻ አሸዋው ቀጭ አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለው አፍ ሁሉ እኩል ቆመ።

«ወንድሜ አሸዋ አስቀርቶ አያውቅም» አለች አክስቷ፤ እንባዋ መጣ።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው ይህን ስትጠብቅ የቆየች ይመስል ወደ ገጽ አቀናባሪው ጠጋ አለች። ሹክሹክታዋ እንደ ስፌት መኪናዋ ነው፤ ማዶ ድረስ ይሰማል።

«ሐሙስ ዕለት በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ። በባዶ እግሩ፣ እጁ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ብዕር በጥርሱ ነክሶ እስከ አጥሩ በር ሮጠ። መንገዱን አየት አደረገና ብቻውን ስቆ ተመለሰ። ነፍሱን ይማረውና አእምሮው ቀድሞት ሄዷል።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። አሸዋውም፣ ሩጫውም፣ ዕድል የሌለበት ሥዕልም አንድ ላይ ገጠሙለት። ሠዓሊው በመጨረሻ ሰሞን ታመው ነበር ብለን እናወጣለን፣ አንባቢ ለታመመ ሰው አይጨክንም አለ። ዕፎይ ያለ ይመስል ነበር።

እርሳሱ ቆመ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው በሩ ጋ ያየሽው?» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ወጥተሽ ኩርባውን ስትታጠፊ ነዋ።»

አባቷ ሣሩን ሁሉ ሥሎ ሲጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወደ ማድ ቤት ይገባል። ዓይኑ እስኪያርፍ ቅጠል ያጥባል፤ ሦስት ውሃ። ከዚያ ተመልሶ አራተኛዋን ቅጠል ያስቀምጣል። አስቀድሜ ካስቀመጥኳት እጄ ወደሷ ያደላል፣ አንባቢም ይነቃብኛል ይል ነበር። ሥዕሉን ወደ ጋዜጣው ቤት የምታደርሰው እሷ ናት፤ ስልክ የምትጠግንበት ሱቅ መንገድ ላይ ነው። ሐሙስ ረፍዶባት ነበር። ወረቀቱን ጠቅልላ፣ ከበሩ ላይ ወስጄዋለሁ ብላ ጮኸች። ከማድ ቤት፣ ከሚወርደው ውሃ ኋላ፣ በቅጽል ስሟ «ጥይቷ!» ብሎ ጠራት። እንደ ሁልጊዜው ቅመሽ ሊላት መሰላት። ዝም ብላ ሄደች።

አሁንም ዝም ብትል ማንም አይደርስባትም። የጠገነችው ስልክ በማግስቱ ሲመለስባት እንኳ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው ብላ የምትከራከር ልጅ ናት፤ ተሳሳትኩ የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ የሰማ የለም። ሰውየው ደብተሩን አውጥቶ «ታመው ነበር» የሚለውን መጻፍ ጀምሮ ነበር።

«ሰርዘው» አለችው። «አባዬ ጤነኛ ነበር። ሥዕሉን ሳያልቅ የወሰድኩበት እኔ ነኝ። የሮጠው እኔ ላይ ሊደርስ ነው፤ ቅጠሉንም ያቋረጠው ለዚያ ነው። ሲጠራኝ ሰምቻለሁ፣ አልቆምኩም። እንደዚሁ አድርገህ ጻፍ።»

«ይቅርብሽ እህቴ፣ አገር ያነበዋል።»

«ያንብበው። እሱን አበደ ከሚሉት እኔን ችኩል ይበሉኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተከለች። አክስቷ እጅጌዋን ይዛ ልታስቀምጣት ሞከረች፤ ልጅቷ ቀስ ብላ አስለቀቀቻትና ሰውየው ጽፎ እስኪጨርስ አናቱ ላይ ቆማ ጠበቀች። አነበበላት። አንድ ቃል አስተካከለች፤ «ምናልባት» የሚለውን አስወጣችው።

ከዚያ ወጣች። የአጥሩን በር አልፋ፣ ሐሙስ የሄደችበትን መንገድ ይዛ እስከ ኩርባው ደረሰች። እዚያ ስትደርስ ቆመች፤ ፊቷን ወደ ቤቱ መለሰች። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

«አቤት» አለች።